በሩና በረኛው፦ ካልሲየም ወደ ሕዋስ ስለሚገባበት ሥርዓት የሚሰጠው ትምህርት ሲመረመር

ስለ ሕዋስ ገለፈት በሚሰጥ ትምህርት ውስጥ አዘውትሮ የሚቀርብ አንድ ምሳሌ አለ፤ ይኸውም የአጥርና የበር ምሳሌ ነው። ገለፈቱ አጥር ነው፤ በአጥሩ ላይ ከፕሮቲን የተሠሩ በሮች አሉ፤ በሮቹም የሚፈለገውን እያስገቡ የማይፈለገውን ይመልሳሉ ይባላል። ምሳሌው ቀላልና በአእምሮ የሚቀረጽ በመሆኑ መምህራን ቢወዱት የሚያስደንቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ማንኛውም ምሳሌ የሚያበራውን ያህል የሚጋርደውም ነገር ስላለው፣ ዘወትር የምንገለገልበትን ምሳሌ አልፎ አልፎ አውጥቶ መመርመር ከመምህር ሥራ የሚቆጠር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው ይኸው የበር ምሳሌ ሲሆን፣ ለመመርመሪያ የተመረጠው ካልሲየም ወደ ሕዋስ የሚገባበት ሥርዓት ነው። ካልሲየም የተመረጠበትም ምክንያት ምሳሌው በእርሱ ላይ ሲደርስ ጎልቶ ስለሚሰናከል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

ካልሲየም ሲባል ተማሪው ቶሎ የሚያስበው አጥንትንና ጥርስን ነው። ይህ ስሕተት አይደለም፤ በሰው ሰውነት ውስጥ ካለው ካልሲየም ከመቶ 99 እጁ የሚገኘው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ነው። ነገር ግን ልብ የሚመታው፣ ጡንቻ የሚኮማተረው፣ ዕጢ የሚያመነጨው በቀረችው በአንዲቱ እጅ ነው። በ1883 እንግሊዛዊው ሐኪም ሲድኒ ሪንገር ከእንቁራሪት አካል የወጣ ልብ በጨው ውሃ ውስጥ እየመታ እንዲቆይ ለማድረግ ሲጥር፣ ጨዉ በለንደን የቧንቧ ውሃ በተበጠበጠ ጊዜ ልቡ እንደሚመታ፣ ውሃው ተንኖ በጠለለ ውሃ በተተካ ጊዜ ግን ምቱ እየደከመ እንደሚቆም ተመለከተ። ልዩነቱን ያመጣው በቧንቧው ውሃ ውስጥ የነበረው ካልሲየም ሆኖ ተገኘ። ታሪኩ በብዙ መጻሕፍት ይተረካል፤ ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው እንደ መልካም አጋጣሚ ብቻ ነው። ከታሪኩ መነሣት የነበረበት ጥያቄ፣ ማለትም ከውጭ ያለው ካልሲየም ወደ ውስጥ የሚገባው በማን ፈቃድ ነው የሚለው፣ ሳይነሣ ይቀራል።

ጥያቄውን ለማንሣት አስቀድሞ መጠኑን ማወቅ ይገባል። ከሕዋሳት ውጭ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ነፃ ካልሲየም በሊትር ከአንድ ሚሊሞል በጥቂቱ ይበልጣል። በዕረፍት ላይ በሚገኝ ሕዋስ ውስጥ ግን የዚሁ አሥር ሺኛ ያህል ብቻ ነው። ሕዋሱ ይህን ልዩነት የሚጠብቀው ያለማቋረጥ ኃይል እያወጣ ካልሲየምን ወደ ውጭና ወደ ውስጠኛ ማከማቻው በሚገፉ የፕሮቲን ፓምፖች ነው። ይህን ያህል ድካም ለምን አስፈለገ ቢባል፣ አንዱ ምክንያት ኬሚስትሪ ነው። ሕዋስ ኃይሉን የሚያመላልሰው በፎስፌት ውሕዶች ሲሆን፣ ካልሲየምና ፎስፌት በብዛት ሲገናኙ የማይሟሟ ጨው ይሆናሉ። አጥንትን ያጠነከረው ጨው በሕዋስ ውስጥ ቢረጋ ሕዋሱን ይገድለዋል ማለት ነው። እንግዲህ ተማሪው ስለ አጥንት የተማረው ነገር ስለ ሕዋስ ለሚማረው መግቢያ ሊሆነው ሲችል፣ ሁለቱ ትምህርቶች እንደማይተዋወቁ ጎረቤቶች ተለያይተው ይቀርባሉ።

አሥር ሺህ እጥፍ ልዩነት ባለበት ቦታ ላይ «በር» የሚለው ቃል የሚፈጥረው ሥዕል ትክክል አይደለም። በቤት በር የሚገባ እንግዳ በገዛ እግሩ ይመጣል፤ ቢፈልግ ይገባል፤ ባይፈልግ ይቀራል። እዚህ ያለው በር ግን የግድብ በር ነው። ከውጭ በኩል ካለው ብዛት በተጨማሪ የሕዋሱ ውስጥ በኤሌክትሪክ ረገድ አሉታዊ በመሆኑ፣ ሁለት አዎንታዊ ሙል የተሸከመውን ካልሲየም ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስለዚህ በሩ ከሰከንድ ሺኛ ለማይበልጥ ጊዜ እንኳ ቢከፈት በአጠገቡ ያለው የካልሲየም መጠን በብዙ እጥፍ ያሻቅባል። ካልሲየም መልእክተኛ ለመሆን የበቃውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ባዶ በሆነ ግቢ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ቢገቡ ወዲያው ይታያሉና።

ወንፊት ያልሆነ ወንፊት

የበሩን ምሳሌ ተከትሎ የሚመጣ ሌላ ምሳሌ አለ፤ እርሱም የወንፊት ምሳሌ ነው። ገለፈቱ መርጦ አሳላፊ ነው ከተባለ በኋላ፣ «እንዴት ይመርጣል?» ተብሎ ሲጠየቅ «ትንንሹን ያሳልፋል፣ ትልልቁን ያስቀራል» የሚል መልስ ይሰጣል። ለስኳርና ለፕሮቲን ይህ መልስ በመጠኑም ቢሆን ያስኬዳል። ለካልሲየም ግን ፈጽሞ አያስኬድም። የሶዲየም አዮንና የካልሲየም አዮን ስፋታቸው ሊባል በሚችል ደረጃ እኩል ነው፤ የሁለቱም ሬዲየስ ከአንድ ሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ገደማ ነው። ከሕዋስ ውጭ ያለው ሶዲየም ደግሞ ከካልሲየሙ በመቶ እጥፍ ያህል ይበልጣል። ወንፊት ቢሆን ኖሮ አንድ ካልሲየም በገባ ቁጥር መቶ ሶዲየም አብሮት ይገባ ነበር። በተግባር ግን የካልሲየም ቦዮች ካልሲየምን ከሶዲየም አንድ ሺህ ጊዜ ያህል አስበልጠው ይመርጣሉ።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ የተብራራው በ1984 ነው። በዚያ ዓመት አልመርስና ማክሌስኪ በአንድ በኩል፣ ሄስና ሪቻርድ ቼን በሌላ በኩል፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈቱትን የካልሲየም ቦዮች መርምረው ተመሳሳይ ሐሳብ አቀረቡ። ለሐሳባቸው ዋናው ማስረጃ በመጀመሪያ ሲያዩት ግራ የሚያጋባ ነው፤ ከውጭ ያለው ካልሲየም ከሞላ ጎደል ተጠርጎ ሲወጣ ቦዩ ሶዲየምን እንደ ልብ ያሳልፋል። ጥቂት ካልሲየም ሲመለስ የሶዲየሙ ጅረት ይቆማል። ስለዚህ መንገዱ ለሶዲየም ጠቦት አይደለም። ሶዲየምን የከለከለው ራሱ ካልሲየሙ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቦዩ ወገብ ላይ ግሉታሜት የተባለው አሚኖ አሲድ አሉታዊ ሙሉን ወደ መሐል አዙሮ በክብ ቆሟል። ባለ ሁለት ሙሉ ካልሲየም መጥቶ በዚያ ሲቀመጥ፣ ባለ አንድ ሙሉ ሶዲየም ሊያስነሣው አቅም የለውም። ታዲያ ይህን ያህል አጥብቆ የተያዘ ካልሲየም እንዴት አልፎ ይሄዳል? የሚያስነሣው ሌላ ካልሲየም ብቻ ነው። ከኋላ የመጣው ካልሲየም ወደ መቀመጫው ሲጠጋ ሁለቱ አዎንታዊ ሙሎች ይገፋፋሉ፤ የፊተኛውም ወደ ውስጥ ይወረወራል። መያዝና ማሳለፍ ተቃራኒ መስለው ሳሉ በአንድ ቦታ የሚስማሙት በዚህ መንገድ ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት በካልሲየም ትምህርት ውስጥ ከዚህ የተሻለ ማሰቢያ የሚሆን ነጥብ አይገኝም፤ ምክንያቱም ተማሪው የያዘው የወንፊት ሥዕል በአንድ ቀላል ሙከራ ዓይኑ እያየ ሲፈርስበት ነው። ነገሩን ለማስረዳት የሚያስፈልገው የሁለት አዮኖች ስፋትና የሙላቸው ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ ያም በማንኛውም የኬሚስትሪ መጽሐፍ ጀርባ ይገኛል።

በረኛው የት ቆሟል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በሩ ካለ የሚያዝዘው አለ። የተለመደው ትምህርት ለዚህ የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ ከውጭ መልእክት ይመጣል፣ በሩ ይከፈታል። መልሱ ለአንዳንዱ ቦይ እውነት ነው። በልብ ጡንቻ ሕዋስ ላይ ያለው ቦይ ለምሳሌ የሚከፈተው በገለፈቱ ግራና ቀኝ ያለው የኤሌክትሪክ ልዩነት ሲለወጥ ነው። ለውጡን የሚዳስሰው ክፍል የቦዩ የራሱ አካል ሲሆን፣ አዎንታዊ ሙል የተሸከሙ የፕሮቲኑ ዘንጎች ሲንቀሳቀሱ መንገዱ ይከፈታል። በርና በረኛ አንድ አካል ናቸው ማለት ነው። ሆኖም በዚህ ቦይ ላይ እንኳ «ይበቃል» የሚለው ሌላ ነው። ካልሞዱሊን የተባለች ትንሽ ፕሮቲን ካልሲየም ከመግባቱ አስቀድማ በቦዩ ውስጠኛ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። አራት የካልሲየም መያዣዎች አሏት፤ የገባው ካልሲየም ሲይዛት ቅርጿ ይለወጥና ቦዩ እንዲዘጋ ታደርጋለች። ይህ ተግባሯ በ1999 በተለያዩ ቤተ ሙከራዎች ተረጋግጧል። የገባው ራሱ በሩን ይዘጋል ማለት ነው።

በኤሌክትሪክ የማይነቃቁ ሕዋሳት፣ እንደ ምራቅ ዕጢ፣ እንደ ደም ነጭ ሕዋሳት ያሉት፣ ሌላ ሥርዓት አላቸው፤ ምሳሌያችን ክፉኛ የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም የተባለው የገለፈት መረብ የካልሲየም ጎተራ ነው። መልእክት ከውጭ ሲመጣ አስቀድሞ የሚከፈተው የግቢው በር ሳይሆን የጎተራው በር ነው። ከጎተራው የወጣው ካልሲየም ጥቂት ስለሆነ ወዲያው ያልቃል። ከዚያ በኋላ በውጭው ገለፈት ላይ ያሉት ቦዮች ይከፈቱና ካልሲየም ከውጭ ይገባል።

በ1986 ጄምስ ፑትኒ የምራቅ ዕጢ ሕዋሳትን ሲያጠና ከነበረው ተነሥቶ ያቀረበው ሐሳብ፣ የውጭውን በር የሚያስከፍተው ከውጭ የመጣው መልእክት ሳይሆን የጎተራው መጉደል ነው የሚል ነበር። ሐሳቡ ደፋር ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ማሰብ ማለት በረኛው መንገዱን ሳይሆን ጎተራውን ይመለከታል ማለት ነውና። ፑትኒ ለሥርዓቱ ስም ያወጣለት ከኤሌክትሪክ ካፓሲተር ወስዶ ነው፤ ካፓሲተር ሙሉ ሲሆን ጅረት አይቀበልም፣ ሲጎድል ይስባል። በዚያን ጊዜም ካልሲየሙ ከውጭ በቀጥታ ወደ ጎተራው የሚዘልቅ መስሎት ነበር። ይህ ሁለተኛው ክፍል ብዙ ሳይቆይ ተተወ፤ ስሙ ግን ከሐሳቡ ይልቅ ዕድሜ አግኝቶ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ቆየ። አንድ ስያሜ የተወለደበት ንድፈ ሐሳብ ከሞተ በኋላ በመጻሕፍት ውስጥ ሲኖር ጉዳት አለው። «ካፓሲተር» የሚለው ቃል ካልሲየም የሚገባው ጎተራውን ለመሙላት ብቻ ነው የሚል ስሜት ይሰጣል። ይህ ግን ከግማሽ የማያልፍ እውነት እንደሆነ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

የሐሳቡ የመጀመሪያ ክፍል የተረጋገጠበት መንገድ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊሣል የሚችል ነው። ታፕሲጋርጊን የተባለው ከዕፅ የሚገኝ ውሕድ ካልሲየምን ወደ ጎተራው የሚገፋውን ፓምፕ ያግዳል። ጎተራው ምንጊዜም በጥቂቱ ስለሚያፈስ፣ ፓምፑ ከቆመ ይጎድላል። ሕዋሱ ካልሲየም በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ ተደርጎ ውሕዱ ሲጨመር በሕዋሱ ውስጥ የካልሲየሙ መጠን ጥቂት ከፍ ብሎ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ከውጭ ካልሲየም ሲጨመር መጠኑ እንደገና ይነሣል፤ በዚህ ጊዜ ግን ከፍ ይልና ከፍ እንዳለ ይቆያል። ከውጭ የመጣ ሆርሞን የለም፤ መልእክት የለም፤ የጎደለ ጎተራ ብቻ አለ። ይህ በ1989 ታየ። ለተማሪው መጀመሪያ ሁለቱን የመስመር ጉብታዎች ሥሎ «ሁለተኛው ለምን ከመጀመሪያው ተለየ?» ብሎ መጠየቅ፣ «የካልሲየምን ጥቅሞች ዘርዝር» ከሚለው የፈተና ጥያቄ አሥር እጥፍ ይሻላል።

በ1992 ሆትና ፔነር በማስት ሕዋሳት ላይ በዚህ ቦይ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ጅረት ለኩ። ጅረቱ ካልሲየምን አጥብቆ የሚመርጥ ሆኖ ሳለ እጅግ ደካማ በመሆኑ የአንዱን ቦይ ድርሻ ለይቶ በቀጥታ ለማየት አልተቻለም። በሩ እንዳለ ታወቀ፤ ከምን እንደተሠራና በረኛው ማን እንደሆነ ግን ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቆየ። ያ ዘመን በትምህርት መጻሕፍት ውስጥ አንድ መስመር ተሰጥቶት የሚታለፍ ነው። ይህ ጸሐፊ ግን ከዚያ የሚበልጥ ቦታ የሚገባው መስሎ ይታየዋል።

በዚያን ጊዜ ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ፣ ጎተራው ሲጎድል አንድ የሚሟሟ ነገር ወደ ገለፈቱ ይልካል የሚል ነበር። በ1993 ራንድሪያማምፒታና ሮጀር ቼን (የሪቻርድ ቼን ወንድም ናቸው) እንዲህ ያለ መልእክተኛ መኖሩን የሚጠቁም ማስረጃ አቀረቡ፤ ነገሩ ግን ተጣርቶ ምንነቱ ሳይታወቅ ቀረ። ሌላው ሐሳብ የጎተራው ገለፈት የውጭውን ገለፈት በአካል ይነካዋል የሚል ነበር። ይህኛው በመሠረቱ ልክ ሆኖ ሳለ የሚነካካው ፕሮቲን ሌላ ነው ተብሎ ተገምቶ ነበር። በሩን በተመለከተ ደግሞ በፍራፍሬ ዝንብ ዓይን ውስጥ የተገኘው የፕሮቲን ቤተሰብ ዘመዶች በየተራ ለወንበሩ ቀርበው ነበር፤ የካልሲየም ምርጫቸው ግን ከተለካው ጅረት ጋር አልገጠመም። ተማሪ ይህን ሲሰማ ሳይንስ ከአንድ ግኝት ወደ ሌላ ግኝት የሚዘል ሳይሆን መልካም ግምቶች አንድ በአንድ እየተፈተኑ የሚወድቁበት ሥራ መሆኑን ይረዳል። ከሁሉ የሚያስገርመው በረኛው ስም ወጥቶለት በመዝገብ ላይ መገኘቱ ነው። በ1996 ከአጥንት መቅኒ ሕዋሳት ጋር በተያያዘ ጥናት ስቲም የተባለ ፕሮቲን ተገልጾ ነበር፤ ሥራው ምን እንደሆነ ግን ለዘጠኝ ዓመት የሚያውቅ አልነበረም።

በ2005 ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ በዝንብ ሕዋሳት ሌላው በሰው ሕዋሳት ላይ፣ ጂኖችን በየተራ ዝም እያሰኙ የትኛው ሲጠፋ የካልሲየም መግባት እንደሚቆም ፈተሹ። ሁለቱም የደረሱት ስቲም ላይ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በሦስት ቤተ ሙከራዎች በሩ ራሱ ተገኘ፤ ኦራይ ተባለ። በዚያው በ2006 በኦራይ ውስጥ ያለ አንድ ግሉታሜት በዘመዱ በአስፓርቴት ሲተካ የቦዩ ምርጫ እንደሚለወጥ ታየ። ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። አንድ ፕሮቲን ሲጠፋ በሩ ካልተከፈተ ፕሮቲኑ በር ነው ማለት አይደለም፤ ቁልፍም ማጠፊያም ሊሆን ይችላል። አንድ ፊደሉ ሲለወጥ የሚያሳልፈው ነገር ከተለወጠ ግን በሩ እርሱ ነው።

የበረኛው አሠራር እንደሚከተለው ነው። ስቲም የጎተራውን ገለፈት አንድ ጊዜ ብቻ ሰንጥቆ ያልፋል። አንደኛው ጫፉ በጎተራው ውስጥ ነው፤ ሌላው ረጅም ጫፉ ወደ ውጭ፣ ወደ ሕዋሱ ፈሳሽ ይዘልቃል። በጎተራው ውስጥ ያለው ጫፉ ካልሲየምን የሚይዝ መዳፍ አለው። የዚህ ዓይነቱ መዳፍ ቅርጽ የታወቀው በ1973 ሮበርት ክሬትሲንገር የካርፕ ዓሣ ጡንቻ ፕሮቲን በኤክስሬይ ከመረመረ በኋላ ሲሆን፣ ካልሞዱሊንም ያላት እንዲህ ያለ መዳፍ ነው። በአማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ፕሮቲን «ዳሳሽ» የሚለው ቃል መለመዱ መልካም ነው። ዳሳሽ ከሩቅ የሚያይ አይደለም፤ በእጁ እየነካ የሚያውቅ ነው። ስቲምም እንዲሁ ነው፤ ካልሲየም በመዳፉ ላይ እስካለ ድረስ ጸጥ ብሎ ተጣጥፎ ይቀመጣል። የጎተራው ካልሲየም በሊትር ወደ 200 ማይክሮሞል ገደማ ሲወርድ መዳፉ ባዶ መሆን ይጀምራል። ባዶ የሆኑት ስቲሞች እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ የታጠፈው ጫፋቸው ይዘረጋል፤ የጎተራው ገለፈት ከውጭው ገለፈት ከ10 እስከ 25 ናኖሜትር ብቻ በሚርቅበት ቦታ ላይ ይሰበሰባሉ። የተዘረጋው ክንዳቸውም ኦራይን ይዞ ይከፍተዋል። ጎተራው ሲሞላ ካልሲየም ወደ መዳፉ ይመለሳል፤ ክንዱ ይታጠፋል፤ ስብሰባው ይበተናል።

እንግዲህ የበሩ ምሳሌ ምን ያህል እንደተናጋ እንመልከት። በረኛው በበሩ ላይ አልቆመም፤ በሌላ ቤት ውስጥ ነው። የሚያስነሣው የመጣ ነገር ሳይሆን የጎደለ ነገር ነው። ሰው ሲያንኳኳ አይሰማም። በዚህ ፈንታ ጎተራ ጠባቂ ብንለው ይሻል ይሆን? በመጠኑ ይሻላል፤ ነገር ግን ጎተራ ስንል እህሉ የሚገባው ጎተራውን ለመሙላት ነው። ከላይ ወደ በኋላ እንመለስበታለን ያልነው ነጥብ ይህ ነው። ቲ ሊምፎሳይት የተባለው የመከላከያ ሕዋስ ባዕድ ነገር ባገኘ ጊዜ ካልሲየም በሕዋሱ ውስጥ ለሰዓታት ከፍ ብሎ መቆየት አለበት፤ ካልሲኒዩሪን የተባለው ኤንዛይም የመከላከያ ጂኖችን የሚያስነሡትን ፕሮቲኖች ወደ ኑክሊየሱ የሚልከው በዚህ ምክንያት ነው። ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒት የተተከለ ኩላሊት እንዳይገፋ የሚያደርገው ይህንኑ ኤንዛይም በማገድ ነው። ከጎተራው የሚወጣው ጥቂት ካልሲየም ለዚህ ሥራ አይበቃም። ስለዚህ ከውጭ የሚገባው ካልሲየም ጎተራ መሙያ ብቻ ሳይሆን ራሱ መልእክቱ ነው።

ይህ ነገር የቃላት ክርክር ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው ኦራይ የተገኘበት መንገድ ነው። ከ2006ቱ ጥናቶች አንዱ የተነሣው ከአንድ ቤተሰብ ከተወለዱ፣ ከባድ የመከላከያ እጦት ከነበረባቸው ሁለት ሕፃናት ነው። ቲ ሕዋሳታቸው ነበሩ፤ ነገር ግን ካልሲየም ወደ ውስጥ ስለማይገባ አይነሡም ነበር። ጎተራቸው ይሞላል፤ ሲታዘዝም ይለቃል። የጠፋው የመጨረሻው እርምጃ ብቻ ነው። 301 አሚኖ አሲዶች ባሉት በኦራይ ውስጥ 91ኛው አርጂኒን በትሪፕቶፋን ተተክቶ ተገኘ። በእንዲህ ያለው ሕመም ጡንቻ ይደክማል፤ ላብ አይወጣም፤ የጥርስ ውጫዊ ጠንካራ ሽፋንም ይበላሻል። አንባቢ እንደሚያስተውለው የጥርስ ነገር እዚህ ላይ ተመልሶ መጥቷል፤ ነገር ግን የመጣው በምግብ ውስጥ ካልሲየም ስለጎደለ አይደለም። በተቃራኒው በስቲም መዳፍ ላይ በሚደርስ የጂን ለውጥ ምክንያት በረኛው ጎተራው ሙሉ ሳለ እንደ ጎደለ አድርጎ ያለማቋረጥ በሩን የሚያስከፍትባቸው ሕመምተኞች አሉ፤ በ2013 እንደተገለጸው የእነዚህም ጡንቻ ይታመማል። ካልሲየም ሲጎድልም ሲበዛም የሚጎዳ መሆኑን በአንድ ፕሮቲን ዙሪያ ከዚህ በተሻለ ማሳየት አይቻልም።

ስለ ቁጥርና ስለ ስያሜ

ኦራይ ከስንት ቁራጭ እንደሚሠራ የተነሣው ክርክር ለብቻው ሊጠቀስ የሚገባው ነው። ከ2012 በፊት የተካሄዱ የተለያዩ ጥናቶች ቦዩ በአራት ፕሮቲኖች የተገነባ እንደሆነ ይደመድሙ ነበር። ሌሎች ብዙ ቦዮች ባለ አራት በመሆናቸውም ድምዳሜው ተፈጥሯዊ ይመስል ነበር። በ2012 የዝንብ ኦራይ በክሪስታል መልክ በኤክስሬይ ሲታይ ግን ስድስት ሆኖ ተገኘ፤ ስድስቱ ግሉታሜቶችም በቦዩ አፍ ላይ በክብ ተደርድረው ታዩ። አራት የሚለው ቁጥር የተጻፈባቸው ሥዕሎች ዛሬም በየመጽሐፉ ሊያጋጥሙ ስለሚችሉ መምህሩ ሥዕሉ የተሣለበትን ዓመት ቢመለከት ይበጀዋል።

የስያሜውም ጉዳይ እንዲሁ ነው። «ቻናል» ለሚለው ቃል «ቦይ» የሚለውን ተጠቅመናል፤ ከዚህ የተሻለ አልተገኘም። ይሁን እንጂ ቦይ ለገበሬው ምንጊዜም ክፍት የሆነ የውሃ መሄጃ ነው፤ ውሃውን የሚያግደው በቦዩ አፍ ላይ የሚደረገው አፈርና ድንጋይ ነው። ተማሪው ቦይ ሲባል መክፈቻና መዝጊያው በቦዩ ውስጥ ያለ መሆኑን ካልተነገረው ገለፈቱ በየቦታው የተቦረቦረ ይመስለዋል። በ«በር» ላይ ደግሞ መክፈቻና መዝጊያው አለ፤ ርዝመቱና መንገዱ ግን የለም። ሁለቱን ቃላት እያፈራረቁ መጠቀም አንዱን ብቻ ከመያዝ ይሻላል፤ ወጥነት የለውም የሚል ወቀሳ ቢመጣም መቀበል ይቻላል።

የኦራይን ስም በተመለከተ ደግሞ፣ ቃሉ የተወሰደው ከግሪክ አፈ ታሪክ ነው። ኦራይ የሰማይን ደጅ የሚጠብቁ፣ ደመናውን እየገለጡና እየዘጉ የሚያስገቡና የሚያስወጡ እኅትማማቾች ናቸው። ስሙ ያማረ ነው፤ የተሰጠው ግን ለበሩ ነው። ደጁን የሚጠብቀው ስቲም ሲሆን፣ እርሱ ከአጥንት መቅኒ ጥናት የመጣውን የድሮ ስሙን እንደያዘ ቀርቷል። መምህሩ ሁለቱን ስሞች በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጽፎ የትኛው በር የትኛው በረኛ እንደሆነ ተማሪዎቹን ቢጠይቅ፣ ስሙን ብቻ ያጠናውና አሠራሩን የተረዳው ተማሪ ወዲያው ይለያዩለታል።